ጥለትና ለባሹ
የባህል ጥለት ትርጉም በሥነ ሰብእ ጥናት

ባህልን የማያነሣ መድረክ የለም። የመማሪያ መጽሐፉ፣ የዓውደ ርእዩ ማብራሪያ፣ የቴአትሩ መግቢያ፣ የበዓሉ ንግግር ሁሉ ባህልን ይጠራሉ። ነገር ግን ቃሉ በተዘወተረ መጠን ፍቺው እየደበዘዘ መሄዱን ልብ የሚል ጥቂት ነው። በተለይም «የዚህ ሕዝብ ባህል እንዲህ ነው፤ የዚያኛው ደግሞ እንዲያ ነው» የሚለው አነጋገር ከመለመዱ የተነሣ፣ ይህን ያለው ማን ነው፣ ከምን ተነሥቶ አለው፣ ምንን አይቶ ምንን ሳያይ አለፈ ተብሎ አይጠየቅም። አንዱ ሕዝብ ግልጽ ነው፣ ሌላው ድብቅ ነው፤ አንዱ ገር ነው፣ ሌላው ተንኰለኛ ነው እየተባለ በቡና ላይ የሚወራው ጨዋታ ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ መድረክ ሲወጣ የዕውቀት ካባ ይደርባል። ከዚያ ወዲያ ሰውን ሳያውቁት እንዳወቁት ቈጥሮ መፍረድ ይከተላል። የዚህ ዓይነቱ ፍርድ ዋጋው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አገራችን በቅርብ ዘመን ታሪኳ በሚገባ አይታዋለች።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የዚያን አነጋገር ምሁራዊ ሥር ነው። ሥሩም በሥነ ሰብእ (በአንትሮፖሎጂ) ጥናት «የባህል ጥለት» የሚባለው ጽንሰ አሳብ ነው። ጽንሰ አሳቡ ጠቃሚ በመሆኑ ይጣል የሚል ክርክር እዚህ አይቀርብም። የሚቀርበው ክርክር የጥለት ትርጉም ከአሠራሩና ከአለባበሱ ተነጥሎ ሊነበብ አይችልም የሚል ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆኑን በመጀመሪያ ስለ አገራችን ባህል ከተጻፉት የውጭ አገር መጻሕፍት መካከል ስሙ እጅግ የታወቀውን የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ»፣ ቀጥሎም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በየቀኑ የሚታዩ ሁለት ተራ ነገሮችን፣ ነጠላንና ቡናን፣ እንመለከታለን።

1. ጥለት የሚለው ቃል

በእንግሊዝኛ «ፓተርን» የሚባለውን ቃል አንዳንዱ «ንድፍ»፣ ሌላው «ሥርዓት»፣ ሌላውም «ቅርጽ» ሊለው ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ «ጥለት» የተሻለ ሆኖ የሚገኘው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ንድፍ ከሥራ የሚቀድም ነገር ነው፤ ቤት ሳይሠራ ይነደፋል። ጥለት ግን ከሥራው ጋር አብሮ ይወለዳል። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ሲሠራ፣ ባለ ቀለሙን ክር በየረድፉ እያስገባ ጥለቱን ያወጣዋል። ክሩ ቢለወጥ ጥለቱ ይለወጣል፤ እጁ ቢስት ስሕተቱ ከጥለቱ ላይ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ጥለት የሸማው ጠርዝ እንጂ ሸማው በሙሉ አይደለም። ነጠላ በጥለቱ ይመረጣል፤ በጥለቱም ይወደሳል። ትከሻን የሚሸፍነው ግን ጥለት የሌለበት ሰፊው ነጭ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ጥለት በሥራ ላይ የሚወለድ መሆኑና ጥለት ጠርዝ መሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የሚነሡ ናቸው።

ጽንሰ አሳቡን ለዓለም ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ሩት ቤኔዲክት ናት። ከእርሷ በፊት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባህልን ዕውቀትን፣ እምነትን፣ ኪነ ጥበብን፣ ግብረ ገብን፣ ሕግንና ልማድን ያቀፈ አንድ ውስብስብ ጠቅላላ ነገር አድርጎ ተርጉሞት ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት ግን የዓለምን ሕዝቦች በአንድ መሰላል ላይ ደርድረው፣ ከታች «አረመኔ»፣ ከላይ ራሳቸውን ያስቀምጡ ነበር። የቤኔዲክት መምህር የነበረው ፍራንዝ ቦአዝ ይህን መሰላል በብርቱ ተቃወመ። ቤኔዲክትም እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመችው «የባህል ጥለቶች» በተባለው መጽሐፏ የመምህሯን አሳብ አንድ ርምጃ ወደ ፊት ወሰደችው። በእርሷ አስተያየት የአንድ ሕዝብ ልማዶች እንደ ተጠራቀመ ብጥስጣሽ ጨርቅ የተከማቹ ሳይሆኑ በአንድ ዝንባሌ የተያያዙ ናቸው። ለዚህም ሦስት ሕዝቦችን በምሳሌነት አቀረበች። የሰሜን አሜሪካዎቹን ዙኚዎች ልከኞችና ረጋ ያሉ፣ ክዋኪውትሎችን በክብርና በፉክክር የሚግሉ፣ በፓስፊክ ደሴት የሚኖሩትን ዶቡዎች ደግሞ በጥርጣሬ የተዋጡ አድርጋ ሣለቻቸው።

መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር አንድ ዓመት ቀርቷታል። የሰው ጠባይ በደሙ ተጽፏል የሚለው አጉል ትምህርት በአውሮፓ በነገሠበት ሰዓት፣ ሰው ጠባዩን ከማኅበረሰቡ ይማራል እንጂ ከደሙ አይወርስም ብሎ መጻፍ ትልቅ አገልግሎት ነበር። ይህ የቤኔዲክት ውለታ ሊዘነጋ አይገባም።

ጉድለቱም እንደዚሁ ሊዘነጋ አይገባም። ቤኔዲክት የዶቡን ሕዝብ በዓይኗ አላየችም፤ የጻፈችው ሬኦ ፎርቹን ካጠናው ተነሥታ ነው። ስለ ክዋኪውትሎችም የተመረኰዘችው በቦአዝ ማስታወሻዎች ላይ ነው። ርቀቱ ሥዕሉን አጥርቶ አሳየ፤ ዳሩ ግን ከጥራቱ ጋር ነጩን ሸማ አስቀረውና ጠርዙን ብቻ አጐላ። ዶቡ ሲዘራ፣ ልጅ ሲያሳድግ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲስቅ የሚኖረው ሰፊ ኑሮ «ጥርጣሬ» በሚለው አንድ ቃል ተሸፈነ። ቤኔዲክት በመጽሐፏ መደምደሚያ ከማኅበረሰቡ ጥለት ጋር የማይስማማውን ግለሰብ አንሥታለች። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ለእርሷ ልብሱ ያልሆነው ሰው ነው፤ መወርወሪያውን ይዞ ጥለቱን የሚለውጥ ሸማኔ ሆኖ አይታያትም።

2. ሰምና ወርቅ እንደ ባህል ጥለት

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ላይ ሲሠራ እንዴት ያለ ውጤት እንደሚያስገኝ ለማየት ከሌቪን መጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። «ሰምና ወርቅ» እ.ኤ.አ. በ1965 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪያርፍ ድረስ ኢትዮጵያን ከማጥናት ያልተለየ የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ ነበር። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ኖሮ የገበሬውን ሕይወት፣ የልጅ አስተዳደጉን፣ የመኳንንቱን ወግ፣ የዘመናዊውን ተማሪ ጭንቀት በሰፊው መርምሯል። የመጽሐፉን ቁልፍ ግን የወሰደው ከቅኔ ቤት ነው።

እንደሚታወቀው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ከሥሩ ያለው ምሥጢር ወርቅ ይባላል። ሌቪን ይህን ስልት የአማራው ባህል ጠቅላላ መለያ አድርጎ ተረጐመው። በትንተናውም ሰምና ወርቅ ለጨዋታና ለቀልድ ያገለግላል፤ ስድብን በጨዋ ቃል ለማሳለፍ ያስችላል፤ የግል አሳብን ከሰው ዓይን ይጋርዳል። ከዚህም ተነሥቶ፣ ዘመናዊ አስተዳደርና ሳይንስ የሚጠይቁት አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ግልጽ ቋንቋ ከዚህ አሻሚ ባህል ጋር እንደሚጋጭ አመለከተ።

በዚያን ጊዜ ከነበሩት የምዕራብ ኅብረተሰብ ሳይንቲስቶች መካከል የቅኔን ምሥጢር እንደ ቁም ነገር ይዞ የኅብረተሰብ ጥናት መነሻ ያደረገ ሌላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህ መጽሐፉን በአክብሮት እንድናነበው የሚያስገድድ ነው። አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሦስት ጥያቄዎች መነሣት አለባቸው።

የመጀመሪያው፣ ሰምና ወርቅ የማን ነው? የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ የሚቀኘው በአማርኛ ሳይሆን በግእዝ ነው። በጎጃም እንደሚቀኙት ሁሉ በትግራይም ይቀኙታል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች ናቸው። በአንድ በኩል የሊቃውንቱ ሀብት ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ ወሰን ያልፋል። በሌላ በኩል በየቀበሌው ከነበረው ገበሬ መካከል የቅኔ ቤትን ደጅ የረገጠው ጥቂቱ ነው፤ ሴቶቹም ከሞላ ጎደል ከዚያ ደጅ ውጭ ነበሩ። በአማርኛ የሚነገረው የአዝማሪውና የጨዋታው ሰምና ወርቅ ሕዝባዊ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ስም አጠቃሎ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ማድረግ ጠርዙን ዘርግቶ ሸማው ሁሉ ጥለት ነው እንደማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሰምና ወርቅ በእውነት አሻሚ ነውን? የሚል ነው። ቅኔ ሕግ አለው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ልኩ የታወቀ ነው። ሰሙና ወርቁ ካልተናበቡ ቅኔው ፈርሷል ተብሎ በመምህሩ ፊት ይታረማል። ሰምና ወርቅ ራሱ ከብዙዎቹ የቅኔ መንገዶች አንዱ ነው፤ ኅብር አለ፣ ውስጠ ወይራም አለ። ተማሪውም የሌላውን ሰው ቅኔ ቢደግም አይቈጠርለትም፤ በየዕለቱ አዲስ መቀኘት ይጠበቅበታል። እንግዲህ በቅኔ ቤት የሚመሰገነው ወርቁን የሰወረ ሳይሆን፣ ወርቁ እንዲገኝ አድርጎ የሰወረ ነው። ሰሚ የማይፈታው ቅኔ የተሳካ ቅኔ አይደለም። ይህ ከአሻሚነት ይልቅ ወደ ረቂቅ ትክክለኛነት ይቀርባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ፣ ከሰምና ወርቅ ተቃራኒ የሆነው የዚያው ሕዝብ አነጋገር የት ሄደ? የሚል ነው። በላ ልበልሃ የሚባለውን የጥንት ሙግት የሚያስታውስ ሰው፣ ተከራካሪው በዳኛና በአደባባይ ሕዝብ ፊት ቆሞ ባላጋራውን በጥያቄ ሲያፋጥጥ ምን ያህል ግልጽና ቆራጥ ቃል ይጠቀም እንደነበረ ያውቃል። ፉከራና ሽለላም ለመደበቅ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ፎካሪው ስሙን፣ ሥራውንና ጠላቱን እየጠራ ነው የሚፎክረው። ያው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በሸንጎ ቀጥተኛ፣ በማዕድ ላይ ባለ ቅኔ፣ በጌታው ፊት ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱን መርጦ «ጠባዩ ይህ ነው» ማለት የተመልካቹ ምርጫ እንጂ የሕዝቡ ባሕርይ አይደለም።

ሌቪን ራሱም እዚያው ላይ ቆሞ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው «ታላቋ ኢትዮጵያ» ሕዝቦችን ነጣጥሎ ከማየት ይልቅ ለዘመናት የተለዋወጡትንና የተካፈሉትን አጕልቶ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሌላ መጽሐፉ ደግሞ ክርክሩን ገልብጦ፣ ዘመናዊው ዓለም ከአሻሚ ቃል በመሸሹ ያጣውን ነገር ጠይቋል። በ1965 እንቅፋት የመሰለው ጥለት ከ20 ዓመት በኋላ ሀብት መስሎ ታየ። ቅኔው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ቦታ ነው።

3. ድሩን ማየት

ጥለት የሚወጣው በድር ላይ ነው። የባህል ጥለት ድሩ ምንድን ነው? የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰልን በዚያው ዘመን በጎጃም፣ ዳሞት ያጠናው አለን ሆበን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው መጽሐፉ ስለ አማራው የመሬት ይዞታ ነው። ስለ ሕዝብ ጠባይ ብዙ አይናገርም፤ ስለ ርስት ይናገራል። ዳሩ ግን ስለ ጠባይ ከሚናገሩት መጻሕፍት ይልቅ ጠባይን የሚያስረዳው እርሱ ነው።

በርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ከመጀመሪያው ባለ ርስት የሚቈጠር የትውልድ ሐረግ ካለው የመሬት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ሐረጉ በሁለቱም ወገን ስለሚቈጠር የእያንዳንዱ ሰው ጥያቄ ወደ ብዙ ቦታ ይዘረጋል፤ የጠያቂው ብዛት ከመሬቱ ስፋት ይበልጣል። የሥጋ ዘመድ ወገንም ነው፣ የነገ ባላጋራም ነው። ትውልድ ቈጥሮ የሚያውቅ ሽማግሌ ኀይል አለው፤ ያለ ጊዜው የተናገረው ቃል ሙግት ሊያስነሣበት ይችላል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ ቃልን መመጠን፣ ዘመድን ማክበርና መጠርጠር፣ ሸንጎ ሲደርስ ደግሞ ያለ ርኅራኄ መሟገት የነፍስ ጠባይ ሳይሆን የኑሮ ብልኀት መሆኑን መረዳት አያዳግትም። የጥርጣሬው ድር መሬት ነው።

ይህ ድር በሕግ የተበጠሰበት ቀን ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የርስት ጥያቄ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ጥለት የሕዝብ ዘላለማዊ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ በመሬቱ አዋጅ ምንም ሊሆን አይገባውም ነበር፤ የድሩ ጥላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከድሩ ጋር አብሮ ሊጠፋ በተገባው ነበር። የሆነው ከሁለቱም የተለየ ነው። የሰምና ወርቅ አነጋገር አልጠፋም፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ያዘ። ሳንሱር ባለበት ዘመን ደራሲውና ድምፃዊው የፍቅር ቃል በሚመስል ቃል ስለ አገር እንዲናገሩ፣ ሰሚውም ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኝ ረዳ። የቆየው ክር በአዲስ ድር ላይ ተሸመነ። በዚህ ነጥብ ላይ ቁሳዊ ኑሮ ሁሉን ይወስናል ብሎ መደምደምም፣ ባህል ከኑሮ በላይ ይንሳፈፋል ብሎ መደምደምም የተሟላ አይሆንም። ሸማኔ ያለ ድር አይሠራም፤ ድር ደግሞ ያለ ሸማኔ ጥለት አያወጣም።

4. ኦሎምፒያ ላይ የሚታየው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ገጠርና ስለ ጥንት ነው። ባህል ግን የገጠርና የጥንት ብቻ ይመስል ጥናቱን እዚያ መተው አንዱ የቆየ ስሕተት ስለሆነ፣ አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ኦሎምፒያ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ ያለ ሰፈር ነው። መንገዱ የአየር መንገዳችን ጄት አውሮፕላኖች በ1950ዎቹ ቦሌ ማረፍ ከጀመሩ ወዲህ የውጭ እንግዳ ወደ ከተማዪቱ የሚገባበት በር ሆኗል። ባንኩ፣ ቢሮው፣ የገበያ አዳራሹ፣ ካፌው ተደርድረዋል። በሥነ ሰብእ ስም ባህል ፍለጋ የሚወጣ ሰው ይህን ሰፈር በአውቶቡስ አልፎት ወደ ሩቅ ገጠር መሄዱ የተለመደ ነው። ሆኖም የጥለት ትርጉም ከየት እንደሚመጣ ከኦሎምፒያ ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ነጠላን እንውሰድ። በዚህ ጎዳና ላይ በእሑድ ጧት የምትሄድ ሴት ነጠላዋን በመስቀል አምሳል አመሳቅላ ለብሳለች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ከሰዓት በኋላ ሌላይቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቷ አዙራ ብትታይ ኀዘን ላይ መሆኗን እናውቅና ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። በድግስ ላይ የምታስተናግደው ደግሞ ያንኑ ነጠላ ወገቧ ላይ ታጥቃዋለች። ጨርቁ አንድ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው፤ ጥለቱ አንድ ነው። ትርጉሙ ግን ሦስት ነው። የጥለቱን ቅርጽ ብቻ በደብተሩ ላይ የሣለ ተመራማሪ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከሦስቱ ትርጉሞች አንዱንም አልያዘም። ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ታዋቂ መጽሐፉ ባህልን ሰው ራሱ ከሚፈትለው የትርጉም ድር ጋር አመሳስሎ፣ የአጥኚው ሥራ ይህን ትርጉም ማንበብ ነው ያለው ይህንን የመሰለ ነገር አስቦ ነው። እኛ የምንጨምርለት ቢኖር፣ ድሩን የሚፈትለውና የሚለብሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑን ነው።

የሱቁ መስኮት ይህን ያሳየናል። በአካባቢው ሱቆች «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ የሚሰቀለው ሸማ በብዙዎቻችን አእምሮ የደገኛው ክርስቲያን መለያ ነው። የሚሸመነው ግን በአመዛኙ በከተማዪቱ ሌላ ጫፍ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ነው፤ ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ክሩን ደግሞ ባዘቶውን በእንዝርት እየፈተሉ ያቀርቡ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ታዲያ ጥለቱ የማን ነው? የፈታይዋ? የሸማኔው? የለባሿ? «አንድ ሕዝብ፣ አንድ ጥለት» የሚለው ቀመር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ለባሹ ለረጅም ዘመን ጥለቱን እያከበረ ሸማኔውን ይንቅ እንደነበረም መሸፋፈን አይገባም፤ አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ጥለቱን ብቻ የሚያወድስ የባህል ንግግር፣ ሳይታወቀው ይህን የቆየ ንቀት ይቀጥላል።

አሁን ደግሞ ከውጭ አገር ፋብሪካ የመጣ፣ ጥለቱ የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጐን ተሰቅሎ ይሸጣል። በዚህ ጨርቅ ላይ ጥለቱ ከሸማው ጋር አልተወለደም፤ ካለቀ በኋላ የተለጠፈ ነው። ይህን አይቶ «ባህላችን ጠፋ» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው። ጉዳዩ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ደመወዟ ትንሽ የሆነ ሴት በዚህ ጨርቅ ለበዓል ታጌጣለች፤ ኀዘን ሲደርስባትም ልክ እንደ ጥንቱ አዘቅዝቃ ትለብሰዋለች፤ ጎረቤቷም ትረዳታለች። የአለባበሱ ትርጉም አልሞተም። የተጐዳው የሸማኔው እንጀራ ነው። ባህል ተጐዳ ስንል ማን ተጐዳ ብለን ካልጠየቅን፣ ለጥለቱ እናለቅሳለን፤ ሸማኔውን እንረሳለን።

ቡናም ያንኑ ይመሰክራል። በጎዳናው ዳር፣ በረጃጅሙ ሕንፃ ግርጌ፣ ቄጠማ ጐዝጕዛ ጀበናዋን የጣደች ሴት አለች። ረከቦቱ አለ፤ ሲኒው አለ፤ ዕጣኑም ይጤሳል። ፎቶግራፍ አንሺው የሚወስደው ምስል ከመንደሩ ቡና የሚለይ አይሆንም። በመንደር ግን ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ይቀመጣል፤ የሰፈሩ ወሬ፣ እርቁም ቅያሜውም እዚያ ይታያል። ኦሎምፒያ ላይ የቢሮው ሠራተኛ አንድ ሲኒ ጠጥቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ጎረቤት ደንበኛ ሆኗል፤ የቤት እመቤትነት የዕለት ጉርስ ማግኛ ሆኗል። ጥለቱ አንድ ሆኖ ግንኙነቱ ተለውጧል።

ይህ ለውጥ የመጀመሪያው ለውጥ አይደለም። ዛሬ «ከጥንት የመጣ» የምንለውን ቡና የደገኛው ክርስቲያን የሙስሊሞች መጠጥ ነው እያለ ይርቀው፣ ቤተ ክርስቲያንም ትነቅፈው ነበር። ተቃውሞው የላላው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ፣ በይበልጥም በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። በኦሮሞ ዘንድ ቡና በቅቤ እየተጠበሰ የሚከበርበት የ«ቡና ቀላ» ሥርዓት ግን ቀድሞም ነበር። እንግዲህ አገር ሁሉ የጋራ አርማው ያደረገው የቡና ሥርዓት፣ በብዙ ቤት ውስጥ ዕድሜው ከጥቂት ትውልድ የማያልፍ፣ ከጎረቤት ሕዝብ የተገኘ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። ሕዝቦች ምን ያህል እንደተማማሩ የሚያሳይ በመሆኑ ይልቁን ያከብረዋል።

5. ለመምህሩና ለከያኒው

ከላይ የተባለው ሁሉ ለሙያተኞች ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም። ባህልን በየቀኑ ለሕዝብ የሚያቀርበው መምህሩ፣ ከያኒውና የባህል ኀላፊው ነው።

በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረውን የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል እናስታውስ። መከበር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዘመናት ሙሉ ስማቸው በአደባባይ ያልተጠራ ሕዝቦች በልብሳቸውና በዘፈናቸው መታየታቸው በጎ ነገር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ልብስ፣ አንድ ጭፈራ፣ ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶት ሲያልፍ፣ ጥለት ወደ ደንብ ልብስነት ይለወጣል። ተመልካቹ ሕፃን «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ብሎ ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች እንደሚያርሱ፣ እንደሚነግዱ፣ እንደሚከራከሩ፣ ኦሎምፒያ ላይ ባንክ ውስጥ እንደሚሠሩ አላየም። ቤኔዲክት ዶቡን በአንድ ቃል እንደሸፈነችው፣ መድረኩም ሕዝብን በአንድ ጭፈራ ይሸፍናል።

ከያኒው ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ከራሱ ሙያ ታሪክ ሊማር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ያቋቋመው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ቀድሞ በየአካባቢያቸውና በየወጋቸው ይሰሙ የነበሩትን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና ሌሎቹንም በአንድ መድረክ አቀናጅቶ አጫወተ። ዛሬ «ባህላዊ ባንድ» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ይህን የመሰለ ቅንብር ነው። የጥንት የሚመስለን መልክ በቅርብ፣ ስማቸው በሚታወቅ ሰዎች እጅ የተሸመነ ነው። ሠሪውን መጥቀስ ባህልን አያሳንስም፤ ሌላውም እንዲሠራ ያደፋፍራል።

ለመምህሩና ለዓውደ ርእይ አዘጋጁ ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ምሳሌ ይሆናል። ሙዚየሙ ለረጅም ዓመታት ሕዝቦችን በየስማቸው ለየብቻ ከመደርደር ይልቅ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ፣ ከሕፃንነት ወደ ጕልምስና፣ ከጕልምስና ወደ ሞት እያለ ዕቃዎቹን አሳይቷል። ጐብኚው «ይህ የእነ እገሌ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ ልጅ ሲወለድ እዚህ ምን ይደረጋል፣ እዚያስ? ብሎ እንዲጠይቅ ይገደዳል። ልዩነቱ አይደበቅም፤ ነገር ግን ልዩነቱ ሰው ሁሉ ለሚገጥመው አንድ ጥያቄ የተሰጠ የተለያየ መልስ ሆኖ ይታያል። ሥነ ሰብእ በኢትዮጵያ ሊሰጠን ከሚችለው ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ስለዚህ የባህል ጥለት የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ያለ ጥለት አይኖርም። ጥለትን ለማወቅ ግን ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በምን ድር ላይ ተሠራ? ማን ሠራው? ማን፣ በምን ሰዓት፣ እንዴት አድርጎ ለበሰው? እነዚህን ሳይጠይቅ ስለ አንድ ሕዝብ ባሕርይ የሚናገር ሰው፣ መጽሐፍ የጻፈ ሊቅም ቢሆን መድረክ የያዘ ተናጋሪ፣ ያየው ጠርዙን ነው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ተማሪ ስለ ጎረቤቱ ሕዝብ ሲማር ከጠርዙ አልፎ ነጩን ሸማ፣ ከሸማውም አልፎ የሸማኔውን እጅ እንዲያይ ማድረግ የመምህሩ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከተሠራ፣ ያ ተማሪ አድጎ በሰው ላይ ሊፈርድ ሲነሣ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ይጠይቃል።